በሽተኛው ከክፍል ወደ ክፍል፤ ስለ ሕክምና ድርጅቶች አሠራር በአቃቂ ቃሊቲ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የሕክምና ድርጅት በአያሌ ክፍሎች ተከፋፍሎ ሳለ እንደ አንድ አካል ሆኖ የሚሠራው በምን ዘዴ እንደ ሆነ፣ ሳይሠራ ሲቀርም ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ለምርመራ የመረጥነው ስፍራ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያደግንበት ሰፈር ስለ ሆነ ሰዉንም መንገዱንም እናውቀዋለን። ሁለተኛው በቤተሰባችን ላይ ከደረሰ ነገር የተነሣ ነው፤ እርሱን በቦታው እንገልጸዋለን።

አቃቂ ከከተማው መሐል ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ቀድሞ የጅቡቲው ባቡር ያልፍበት ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተክለውበታል፤ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ክፍለ ከተማ ከቱሉ ዲምቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ክፍለ ከተማው ከ180,000 በላይ ነዋሪ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ሕዝቡ እጅግ በዝቷል። ስለዚህ ወደ ሕክምና ቤት የሚመጣው በሽተኛ ልዩ ልዩ ነው፤ እጁን ማሽን የያዘው ሠራተኛ አለ፣ መኪና የገጨው መንገደኛ አለ፣ ሳል የያዘው ሽማግሌ አለ፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች። ሁሉንም የሚቀበለው በር ግን አንድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሥርዓቱን አቋም ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። በአገራችን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ከዚያ የሚወጡት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ባለሙያ አንድ ላይ ሆነው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ እንዲላኩ ታስቦ ነበር። ይህ የሦስት ሰዎች ቡድን ለእኛ ጥናት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የሦስቱም ሥራ የተለያየ ቢሆንም አብረው ተምረው አብረው ስለሚላኩ አንዱ የሌላውን ሥራ ያውቃል። ዛሬ ያለው ሥርዓት ሦስት ደረጃዎች አሉት። በታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፤ በመካከል አጠቃላይ ሆስፒታል፤ በላይ ደግሞ የስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል። በደንቡ መሠረት የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሰው እንዲያገለግል ተወስኗል። በከተማ ጤና ኬላ ስለሌለ በቦታው ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመድበዋል።

በክፍለ ከተማችን ያለው አጠቃላይ ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ይባላል። የአፍሪካና የቻይና መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ቤጂንግ ላይ በተሰበሰቡ ጊዜ የቻይና መንግሥት በአፍሪካ 30 ሆስፒታሎች ሊሠራ ቃል ገብቶ ነበር፤ ይህም በቻይና እርዳታ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ስሙን ያገኘው ከሯጯ ከጥሩነሽ ዲባባ ነው፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አግኝታ ነበር። ሆስፒታሉ ሳይሠራ በፊት የአቃቂ ሰው ከጤና ጣቢያ በላይ የሆነ ሕክምና ሲያስፈልገው ወደ መሐል ከተማ መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር።

እዚህ ላይ ከመንገዳችን ትንሽ ወጣ ብለን የተማርንበትን የሚስዮን ትምህርት ቤት ክሊኒክ እናስታውሳለን። ክሊኒኩ አንዲት ክፍል ነበረች፤ ሠራተኛዋም አንዲት ሲስተር ብቻ ነበሩ። ስም ይጽፋሉ፣ ሙቀት ይለካሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ማታ ደግሞ ማደሪያ ቤት ድረስ መጥተው መድኃኒቱን መዋጣችንን ይጠይቃሉ። የማን አባት አስም እንዳለበት፣ ማን ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ሁሉ በራሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነበረ። መዝገባቸው በጣም ቀጭን ነበር፤ ቢጠፋም የሚጐድል ነገር አልነበረም። ይህን የምናነሣው ድሮው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም፤ ሲስተር ትርፍ አንጀት አይቀዱም፣ ደም አይሰጡም። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻ በሚሠራበት ቤት ወሬ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ አያስፈልገውም። ሥራው ለሁለት ሰው በተከፈለ ጊዜ ግን በሁለቱ መካከል አንድ አዲስ ሥራ ይወለዳል፤ ይኸውም አንዱ ያወቀውን ለሌላው ማስረከብ ነው። ለዚህ አዲስ ሥራ ብዙ ጊዜ ባለቤት አይመደብለትም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንመለስ። አንድ ሳል የያዘው ሰው በጠዋት ሲመጣ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ይሰለፋል። ካርዱ ከመደርደሪያ ተፈልጎ ይወጣል፤ ካልተገኘ አዲስ ይወጣለታል፤ ያን ጊዜ የቀድሞው ሕመሙ ታሪክ ከአሮጌው ካርድ ጋር ተቀብሮ ይቀራል። ከዚያ የልየታ ክፍል ሙቀቱን፣ የደም ግፊቱንና ክብደቱን ይለካል። ቀጥሎ መርማሪው ጋ ይገባል፤ መርማሪው አክታ እንዲመረመር ያዛል፤ በሽተኛው ላቦራቶሪ ሄዶ ይጠብቃል፤ ውጤቱን ይዞ ወደ መርማሪው ይመለሳል፤ በመጨረሻ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። የሚከፈልበት አገልግሎት ከሆነ በየመካከሉ ገንዘብ ተቀባይ አለ። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር፣ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ወረቀቱን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያደርሰው ማን ነው የሚለውን ነው። በሽተኛው ራሱ ነው። ራሱን ካልቻለ አስታማሚው ነው። ክፍሎቹን የሚያገናኘው ክር በድርጅቱ ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ፣ ደመወዝ የማይቆረጥለት፣ የቤቱንም ደንብ የማያውቅ ሰው ነው ማለት ነው።

በሆስፒታልም አስታማሚ ያለው ስፍራ ከዚህ ያነሰ አይደለም። ምግብ ያመጣል፣ በሽተኛውን ያገላብጣል፣ ሌሊት ጉልኮስ ሲያልቅ ነርስ ይጠራል፣ በቤቱ ያልተገኘ መድኃኒት ሲታዘዝ ከውጭ መድኃኒት ቤት ይፈልጋል። ሐኪሞች ጠዋት በሽተኞችን ሲዞሩ ዘበኛው አስታማሚዎቹን ያስወጣቸዋል። ሥርዓቱ ምክንያት አለው፤ ክፍሉ ይጨናነቃል። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛውን ሲያይ ያደረው ሰው የሚያውቀውን ለመናገር ዕድል የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ እርሱ በአጥሩ አጠገብ ቆሟል።

የሆስፒታል አስተዳደር ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚለየው በአለቃው ጉዳይ ነው። ማክስ ቬበር ስለ ቢሮክራሲ ሲጽፍ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር የሚወርድበትን መሥሪያ ቤት ገልጿል። ሆስፒታል ግን ሁለት መስመር አለው። በአንድ በኩል ዋናው ሥራ አስፈጻሚ በጀቱን፣ ሠራተኛውን፣ ግዢውን፣ ዘበኛውን ያዛል። በሌላ በኩል ግን አንድ ሐኪም ለአንድ በሽተኛ ምን መድኃኒት እንደሚሰጥ ሥራ አስፈጻሚው ሊያዝዘው አይችልም፤ ሐኪሙ የሚመለሰው ለሙያውና ለሙያ ጓደኞቹ ነው። የካናዳው ሊቅ ሄንሪ ሚንትዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ሆስፒታልንና ዩኒቨርሲቲን በአንድ ወገን መድቦ የባለሙያዎች ቢሮክራሲ ብሎ ሰይሟቸዋል። በእርሱ አስተያየት እንዲህ ባለ ቤት ሥራውን የሚያስተባብረው የአለቃ ትእዛዝ ሳይሆን ባለሙያዎቹ አስቀድመው የተማሩት ትምህርት ነው። ቀዳጅ ሐኪምና ማደንዘዣ ሰጪው ብዙ ሳይነጋገሩ አብረው የሚሠሩት አንዱ ሌላው ምን እንደሚያደርግ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስለሚያውቅ ነው። (መምህሮቻችን ይህን ሲያነቡ የራሳቸውን ፋኩልቲ ሳያስታውሱ አይቀሩም።)

ይህ አስተሳሰብ በአገራችንም ሥራ ላይ ታይቷል። ቀድሞ ሆስፒታልን የሚያስተዳድረው ብዙ ጊዜ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ራሱ ነበር፤ ጠዋት በሽተኛ ሲቀድ ውሎ ከሰዓት በኋላ የናፍጣ ደረሰኝ ይፈርማል። በሆስፒታል ማሻሻያው ጊዜ የአስተዳደሩ ሥራ ከሕክምናው ሥራ ተለይቶ ለሥራ አስፈጻሚ ተሰጠ፤ ለዚሁም ሙያ የማስትሬት ትምህርት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በላያቸው የሥራ አመራር ቦርድ ተቀመጠ፤ ሆስፒታሎችም ከበሽተኛ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ከማስገባት ይልቅ በራሳቸው እንዲያውሉት ተፈቀደላቸው። ለውጡ ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም። ቢሆንም ቅሉ ሁለቱ መስመሮች አንድ አልሆኑም፤ እንዲያውም በግልጽ ተለያዩ። ነርሶች በመካከል ናቸው፤ ሐኪሙ ያዘዘውን መርፌ ይወጋሉ፣ በሜትሮኗ ተረኛ ይመደባሉ፣ ጓንት ሲያልቅ ደግሞ ለግምጃ ቤቱ ይለምናሉ።

ስለ መድኃኒት አቅርቦት ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኛ ግን አንድ ነገር ብቻ እናነሣለን። በ1999 ዓ.ም. የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ከተቋቋመ በኋላ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ የተጠቀሙበትንና የቀራቸውን መድኃኒት ጽፈው እንዲልኩ ተደነገገ። በመጋዘናቸው ከአራት ወር በላይ የሚሆን እንዳያከማቹ፣ ከሁለት ወርም በታች እንዳይወርዱ ተወሰነ። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሂሳቡ የሚሠራው ግን በቢን ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ከሆነ ነው። ሌሊት ከመጋዘን በአስቸኳይ ሦስት ብልቃጥ ወጥቶ ካልተጻፈ፣ ያ ስሕተት በሁለት ወሩ ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጭነት ላይ ይታያል። ስሕተቱን የሠራው ሰውና ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው አይተዋወቁም።

እስካሁን የተናገርነው በአንድ አጥር ውስጥ ስላለው ነው። ከአጥሩ ሲወጣ ነገሩ ይበረታል። ጤና ጣቢያ የማይችለውን በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍበት ሥርዓት በመጽሐፍ የቅብብሎሽ ሥርዓት ይባላል፤ በሕዝቡ አፍ ግን ሪፈር ነው። አንድ የአቃቂ በሽተኛ በዚህ መንገድ ሲሄድ አለቃው ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ እንመልከት። ጤና ጣቢያው የሚታዘዘው ለወረዳውና ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ጥሩነሽ ቤጂንግ የሚታዘዘው ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ነው። በሽታው ጠንቶ ወደ ጥቁር አንበሳ ከተላከ ያ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ አለርት ከሆነ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ የመንግሥት ሥርዓት ይባላሉ፤ ነገር ግን የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሪፈር የጻፈችላት ሴት ሆስፒታል ደርሳ አልጋ ብታጣ፣ ሁለቱንም ቤቶች በአንድ ጊዜ ጠርቶ የሚጠይቅ ቅርብ አለቃ የለም።

በቤተሰባችን የደረሰው እንዲህ ነው። አክስታችን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች እግሯና ፊቷ አበጠ፣ ራሷን ታመመች፣ ዓይኗም ይጭበረበርባት ጀመር። ማታ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ተረኛዋ አዋላጅ የደም ግፊቷን ለክታ ወዲያው በሽታውን አወቀችው፤ በነፍሰ ጡር ላይ የሚመጣና ካልተገታ የሚያንዘፈዝፍ የደም ግፊት ነው። በደንቡ መሠረት ከመላኳ በፊት የሚሰጠውን የማግኒዝየም ሰልፌት መርፌ ሰጠቻት፤ መስጠቷንና ሰዓቱን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፈች፤ ሆስፒታልም ስልክ ደወለች። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዶ ነበር። አዋላጇ አብራ ልትሄድ ፈልጋ ነበር፤ ግን ብቻዋን ተረኛ ስለ ሆነችና በውስጥ ሌላ ሴት እያማጠች ስለ ነበረች አልቻለችም። የአክስታችን ባል ኮንትራት ላዳ ይዞ ከሰፈራችን ውጭ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ወሰዳት። ስሙን መጥቀስ ለጥናቱ አይጠቅምም።

ባልየው ወረቀቱን በጃኬቱ ኪስ ከትቶ ነበር። ሆስፒታል አድርሷት፣ እህቱን ከእርሷ ጋር ትቶ፣ በዚያው ላዳ ገንዘብና ጋቢ ሊያመጣ ተመለሰ። ወረቀቱም አብሮት ሄደ። በመቀበያው ያለችው ነርስ "የሪፈር ወረቀቱስ የታለ፣ እህቴ?" ብላ ጠየቀች፤ የባልየው እህት የምታውቀው ነገር አልነበረም። አክስታችን "መርፌ ወግተውኛል" አለች፤ የምን መርፌ እንደ ሆነ ግን መናገር አልቻለችም። ከጤና ጣቢያ የተደወለውን ስልክ የተቀበለው ሰው መልእክቱን በመዝገብ ጽፎት ነበር፤ ነገር ግን የተረኛ መለዋወጫ ሰዓት ስለ ነበረ አዲሶቹ ተረኞች መዝገቡን ገና አላዩትም።

እዚህ ላይ የሐኪሙን ችግር መረዳት ያስፈልጋል። ማግኒዝየም ሰልፌት ካልተሰጣት በየደቂቃው ልትንዘፈዘፍ ትችላለች። ተሰጥቷት ከሆነና ሁለተኛ ሙሉ መጠን ቢሰጣት ደግሞ ትንፋሿን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም የተማረውን አደረገ፤ በትንሹ መዶሻ ጉልበቷን መታ መታ አድርጎ እግሯ መወርወሩን ተመለከተ፣ ትንፋሿን ቆጠረ፣ ሽንቷን አስለካ፣ ጤና ጣቢያውን የሚያውቅ ሰው እንዲፈለግ አዘዘ። ባልየው ወረቀቱን ይዞ የተመለሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። አክስታችን ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። የጠፋችው አንድ ሰዓት ተኩል ነች ምክንያቱ ብለን ለመመስከር እውቀታችን አይፈቅድልንም፤ ሐኪሙም እንዲህ አላለንም።

በቤታችን ለብዙ ቀን የተጠየቀው ጥያቄ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ነበር። አያታችን አዋላጇን ወቀሱ፤ ሌላው ባልየውን ወቀሰ፤ ሌላው ነርሷን። እኛም በመጀመሪያ ወቅሰን ነበር። ነገሩን ደረጃ በደረጃ ጽፈን ስንመለከተው ግን እያንዳንዱ ሰው በቆመበት ስፍራ ሆኖ የሚገባውን አድርጓል። አዋላጇ ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ትታ ልትሄድ አትችልም። ስልክ ተቀባዩ ጽፏል። ነርሷ ወረቀት መጠየቋ ትክክል ነው። ሐኪሙ ሳያውቅ አለመውጋቱ ትክክል ነው። ባልየውም ያለ ገንዘብና ያለ ጋቢ ሆስፒታል እንደማይታደር ያውቃል። ጕድለቱ የተገኘው በሰዎቹ ላይ ሳይሆን በአንዱና በሌላው መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ነው።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ቻርልስ ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ኑክሊየር ጣቢያዎችና ስለ መሰል ውስብስብ ድርጅቶች ሲጽፍ፣ ትንንሽ ጕድለቶች ባልታሰበ መንገድ ሲገናኙ አደጋ ይወልዳሉ፤ በተለይም አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር በጥብቅ ተሳስሮ የመጠበቂያ ጊዜ በሌለበት ቤት ይህ የማይቀር ነው ብሏል። ይህን አስተያየት እንዳለ ለሆስፒታል መውሰድ አይገባም ብለን እናምናለን። የሆስፒታል ክፍሎች ባብዛኛው ላላ ብለው የተያያዙ ናቸው፤ ሳል ለያዘው ሰው ላቦራቶሪው አንድ ሰዓት ቢዘገይ የሚመጣ አደጋ የለም። ነገር ግን ያው ቤት፣ ያው ወረቀት፣ ያው ሠራተኛ ለአንዲት እንደ አክስታችን ላለች ሴት ሲሆን ላላው ማሰሪያ በአንድ ጊዜ ይጠብቃል። ለሳል የተሠራው ሥርዓት ለምጥም እንዲያገለግል ይጠየቃል ማለት ነው። ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ለእናቶች ሞት ምክንያት የሆኑትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸው ነበር፤ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምናውን በማግኘት የሚመጡ። አክስታችን ለመወሰን አልዘገየችም፤ በመንገድም ብዙ አልቆየችም። ጊዜዋ የጠፋው ከበሩ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከበሩ ውጭ በጃኬት ኪስ ውስጥ ነበር።

በሆስፒታል ማሻሻያው መመሪያ ሊያዞን ኦፊሰር የሚባል ሠራተኛ በየሆስፒታሉ እንዲኖር ተደርጓል፤ ሥራውም አልጋ መኖሩን ማወቅ፣ ሪፈር መቀበልና መላክ ነው። እኛ እንደምናየው ይህ ከተጨመሩት ሹመቶች ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ ለአስታማሚው ተትቶ ለነበረው ለማስረከቡ ሥራ በስም የተጠራ ባለቤት ሰጥቶታል። ሆኖም ሊያዞኑ ሊያደርግ የሚችለው መልእክቱ እጁ ሲደርስ ነው። የተረኞች መለዋወጫ ሰዓት እስካለ ድረስ መዝገቡን አብሮ ቆሞ ማንበብ ግዴታ መሆን ይገባዋል፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የመርፌውን ስምና ሰዓት ደግሞ ከወረቀቱ ሌላ በበሽተኛዋ ክንድ ላይ በፕላስተር ጽፎ መለጠፍ ይቻላል። ይህን አሳብ ለአንድ ነርስ ስንነግራት ስቃብን፣ እርሷ በምትሠራበት ክፍል ተረኞቹ ራሳቸው ተስማምተው ከጀመሩት መቆየታቸውን ነገረችን። በመመሪያ ላይ አልተጻፈም። እንዲህ ያሉ በሠራተኞች የተፈጠሩ ዘዴዎች በየክፍሉ ስንት እንደ ሆኑ መሰብሰብ ለሌላ ተማሪ መልካም የጥናት ርእስ ይሆናል።

የሪፈር ወረቀቱ ከታች አንድ ባዶ ስፍራ አለው። ተቀባዩ ሆስፒታል የሆነውን ጽፎ ለላኪው ጤና ጣቢያ እንዲመልስ የተተወ ነው። ለዚህ ጥናት ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደን ያችን አዋላጅ አገኘናት። ማን መሆናችንን ስንነግራት ጥያቄያችንን ሳትሰማ በፊት "እናትየዋ ተርፋለች?" አለችን። ወረቀቱ አልተመለሰላትም ነበር። መትረፏን ነገርናት፤ ስለ ሕፃኑም ጠየቀችን፣ እርሱንም ነገርናት። ከዚያ መዝገቧን አውጥታ በዚያች ሌሊት መስመር ላይ ባዶ የቀረውን ሣጥን በእስክሪፕቶ ሞላችው።